ለጥምቀት ሆኖ ካረጀ ቀሚስ፦ የፀጉር ማሰሪያ፣ ማቶትና የትራስ ልብስ

«ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል። ጎንደር ውስጥ ይህን ተረት እንደ ቀልድ የሚሰማ ሰው አላውቅም፤ ታኅሣሥ ሲጋመስ ሰፊ ቤት ደጃፍ ላይ ቀሚሳቸውን የሚጠብቁትን ማየት ይበቃል። ተረቱ የማይነግረን ለጥምቀት የሆነው ቀሚስ በኋላ የት እንደሚገባ ነው። ዐሥር ዓመት ታቦት አጅቦ፣ ግርጌው የቀሃን ወንዝ ጭቃ ጠጥቶ፣ ብብቱ ሳስቶ፣ ወገቡ አልዘጋ ያለው ቀሚስ ምን ይሁን?

እኛ ቤት መልሱ ለብዙ ዘመን «ሳጥን» ነበር። እናቴ ያረጁ ቀሚሶቿን አጥፋ፣ አሪቲ ነስንሳባቸው፣ ትቆልፍባቸዋለች። አንድ ክረምት ሳጥኑን ከፍቼ ከሁሉ ያረጀውን አወጣሁና መቀስ አነሣሁ።

«አንች ልጅ! ክርስትናሽ የዋልሁበትን ቀሚስ?»

መቀሱን አስቀመጥሁ። በማግሥቱ ቀሚሱን ራሷ ይዛው መጣች። ምንጣፍ ላይ ዘርግታ በጣቷ እያመለከተች «ይኸን አትንኪ፤ ይኸን ግን ውሰጅ» አለችኝ። ከዚያ ቀሚስ ሁለት የፀጉር ላስቲክ፣ አንድ የፀጉር ባንድ፣ ሁለት ክሊፕ፣ አንድ ማቶት (የጀበና ማስቀመጫ) እና አንድ የትራስ ልብስ ወጣ። «አትንኪ» ያለችው የደረቱ መስቀል አሁንም ሳጥኑ ውስጥ ነው።

ከዚህ በታች ያለው ያንኑ ሥራ እንዴት እንደምትሠሩት ነው። የስፌት መኪና ግድ አይደለም። ያረጀ ቀሚስ የሌላችሁም አትቸገሩም፤ የሀገር ባህል ልብስ የሚሰፉ ሰዎች ዘንድ ቁርጥራጭ አይጠፋም፤ ማከማቸቱ እንጂ መስጠቱ አይከብዳቸውም። ጎንደር ያላችሁ አራዳም ቅዳሜ ገበያም ጠይቁ።

ቀሚሱን መጀመሪያ እዩት

የሐበሻ ቀሚስ እኩል አያረጅም። ነጩ ሸማ ከጥለቱ ቀድሞ ይሄዳል። ሸማኔው ጥለቱን ሲሠራ ከነጩ ማግ ላይ ባለ ቀለም ክር እየጨመረ ስለሚያስገባ ጥለቱ ወፈር፣ ጥቅጥቅ ያለ ይሆናል። ስለዚህ ቀሚሱ «አለቀ» ሲባል ያለቀው ብዙ ጊዜ ነጩ ነው።

ቀሚሱን ፀሐይ የሚገባበት መስኮት ላይ ስቀሉትና ከጀርባው ቁሙ። ብርሃኑ በወንፊት እንደሚያልፍ የሚያልፍበት ቦታ ለስፌት አይሆንም፤ መርፌው ራሱ ይቀደዋል። ያንን ለማቶቱ መሙያ ለዩት። ብብት፣ ክርንና መቀመጫ ሁልጊዜ እንደዚያ ናቸው። ከደረት እስከ ግርጌ ቁልቁል የወረደው የፊት ጥለት ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ አዲስ ነው፤ የፀጉር ባንዱና ትራሱ ከእሱ ይወጣሉ። የግርጌው ጥለት መሬት ሲጠርግ ስለኖረ የታችኛው ጠርዙ ይበላል፤ ግን ከፍ ብሎ ያለው ግማሹ ይተርፋል። የእጅጌው ጠባብ ጥለት ለክሊፕ የተፈጠረ ይመስላል።

ሁለት ነገር ከመቁረጥ በፊት አጣሩ። አንደኛው ቀለሙ ነው። ነጭ ጨርቅ በውኃ አርሱና ጥለቱ ላይ ለአንድ ደቂቃ ያህል ጫን አድርጉት። ጨርቁ ላይ ቀይ ወይም ሰማያዊ ከታየ ያ ጥለት ነጭ ትራስ ላይ አይሰፋም፤ ሲታጠብ ያበላሸዋል። ጨው ጨምሮ መዘፍዘፍ ቀለሙን ያስይዘዋል ይባላል፤ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜም ውኃው ቀይ ሆኗል። እንዲህ ያለውን ጥለት ለክሊፕ አድርጉት፤ ክሊፕ ውኃ አያገኘውም። ሁለተኛው፣ የያዛችሁት ያረጀ ሳይሆን አዲስ ቁርጥራጭ ከሆነ ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ አድርቁት። በእጅ የተሸመነ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ያረጀ ቀሚስ የሚሰበሰበውን ያህል ከተሰበሰበ ቆይቷል፤ አሮጌው ከአዲሱ የሚሻልበት አንዱ ነገር ይኸ ነው።

መስቀል ያለበትን ጥለት ሰው የሚደገፈው ወይም የሚቀመጥበት ዕቃ ላይ አታድርጉት። እናንተ ምንም ባይመስላችሁ ቡና ሊጠጡ የሚመጡት ጎረቤት ይመስላቸዋል፤ ትራሱን አንሥተው አቅፈውት ይቀመጣሉ እንጂ አይደገፉትም።

አቆራረጡ

ሥራው ሁሉ የሚበላሸውም የሚያምረውም እዚህ ላይ ስለሆነ አትቸኩሉ።

ሸማ ላላ ያለ ሽመና ነው። መቀስ ሲነካው መፈታት ይጀምራል። የመጀመሪያ ጊዜ ጥለቱን «ንጹሕ ይሁን» ብዬ ልክ ቀለሙ የሚያበቃበት ጠርዝ ላይ ቆረጥሁት። ሲታይ ያምር ነበር። እጄ ላይ ሁለት ጊዜ ሳገላብጠው የጠርዙ አረንጓዴ ክር ወጣ፤ እሱን ስጎትት ቢጫው ተከተለ፤ ማታ ላይ ከአምስት ሴንቲ ሜትሩ ጥለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ተርፎ ነበር። የቀረውን ለዕልባት አደረግሁት።

ትክክለኛው እንዲህ ነው። ከጥለቱ ግራና ቀኝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ነጭ ሸማ ተዉ። ያ ነጭ ወደ ኋላ ታጥፎ ጥለቱን ይይዘዋል እንጂ አይታይም። ርዝመቱን ለመቁረጥ ስትፈልጉ ደግሞ በመጀመሪያ በእርሳስ መስመር አስምሩ። ከመስመሩ ወዲህና ወዲያ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እየራቃችሁ፣ ሁለት ረድፍ ደቃቅ ስፌት ስፉ። ከዚያ በሁለቱ ስፌቶች መካከል ቁረጡ። ክሩ ቢፈታ እንኳ ስፌቱ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

መስፋት የሰለቻችሁ ነጭ የእንጨት ኮላ በእኩል ውኃ አቅጥናችሁ በቀጭን ብሩሽ መስመሩ ላይ ቀቡ፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቁረጡ። ኮላው ሲደርቅ ጨርቁን እንደ ካርቶን ስለሚያደርገው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይሰፋ፤ በኋላ ስፌት ውስጥ የሚገባው ጠርዝ ላይ ብቻ ይቅር።

የጥለቱን ጀርባ ስታዩ ከአንዱ ቅርጽ ወደ ሌላው የተሻገሩ ልቅ ክሮች ታገኛላችሁ። «ላጽዳው» ብላችሁ እንዳትቆርጧቸው። ከፊት የሚታየውን ቅርጽ የያዙት እነሱ ናቸው።

ካውያም በጀርባ በኩል፣ በላዩ ስስ የጥጥ ጨርቅ ተነጥፎ ይሁን። ወርቃማው የሚያብረቀርቅ ክር ብዙ ጊዜ ሰው ሠራሽ ነው፤ የጋለ ካውያ በቀጥታ ሲያገኘው ይጨማደዳል፤ ከዚያ በኋላ የሚያቃናው የለም።

ዕቃ ማሰናዳት

ስል መቀስ፣ ቀጭን መርፌ፣ ነጭ የጥጥ ክር፣ ሜትር፣ ስፒል፣ አንድ መርፌ ቁልፍ። ላስቲክ በሁለት ዓይነት፦ ቀጭኑ ወደ 6 ሚሊ ሜትር፣ ሰፊው 2 ሴንቲ ሜትር። ለገበር ሩብ ሜትር ሳቲን፣ ለትራሱ ደግሞ አቡጀዲ። ባዶ የብረት ክሊፕ። ይኸው ነው። መቀሱን ግን ከወጥ ቤት አታምጡ፤ ሽንኩርት ቅጠል የቆረጠ መቀስ ሸማ ያኝካል።

የጨርቅ የፀጉር ላስቲክ

ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል የለም፤ በእጅ ስፌት አንድ ሰዓት አይፈጅም። ለዚህ ሥራ ወፍራም ጥለት አይሆንም፤ አይሰበሰብም። ነጩን ሸማ፣ ወይም መሐሉ ላይ አንድ ሁለት ቀጭን መስመር ያለውን ውሰዱ።

1. 10 በ50 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ዙሪያውን ዘምዝሙት፣ እንዳይፈታ።

2. ደህናው ገጽ ወደ ውስጥ እንዲሆን በቁመቱ እጠፉት። ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ቁመቱን ብቻ ስፉ። ሁለቱ ጫፎች ክፍት ይቀሩ። መርፌው አንድ ወደ ፊት ሄዶ ግማሽ ወደ ኋላ እየተመለሰ ቢሰፋ ይጠነክራል፤ ዝም ብሎ ወደ ፊት የሄደ ስፌት ላስቲኩ ሲለጠጥ ይበጠሳል።

3. መርፌ ቁልፉን አንዱ ጫፍ ላይ ያዙና በቱቦው ውስጥ እየገፋችሁ ወደ ደህናው ገጽ ገልብጡት።

4. ከቀጭኑ ላስቲክ 20 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ። ሹሩባ የሚያስር ከሆነ ወይም ፀጉሩ ጎፈሬ ከሆነ 24 አድርጉት። መርፌ ቁልፉን ላስቲኩ ጫፍ ላይ አስራችሁ በቱቦው ውስጥ አሳልፉት። ሌላኛውን ጫፍ በስፒል ከጨርቁ ጋር ያዙት፤ ካልያዛችሁት ተስቦ ውስጥ ይገባና እንደገና «ሀ» ብላችሁ ትጀምራላችሁ።

5. የላስቲኩን ሁለት ጫፎች ቋጥሩ፤ ቋጠሮው ላይም በመርፌ ሦስት አራት ጊዜ ውጉበት። ቋጠሮ ብቻውን አይታመንም።

6. አንዱን የጨርቅ ጫፍ 1 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ አጥፉ፣ ሌላውን በውስጡ አስገቡ፣ ክሩ እንዳይታይ አድርጋችሁ ዝጉት።

ለሕፃን ልጅ ጨርቁን 8 በ35፣ ላስቲኩን 14 አድርጉት። የሕፃን ፀጉር ላይ ጠበቅ ያለ ላስቲክ ግንባሯን ይጎትታል፤ ልጅቱም ነቅላ ትጥለዋለች፤ ልክ ናት።

ስለ ሸማው አንድ ነገር ልናገር። ጥጥ ቅባት ይጠጣል። ቅቤ የተቀባ ፀጉር ላይ ነጭ የሸማ ላስቲክ ካደረጋችሁ በሁለት ቀን ቢጫ ይሆናል፣ ሽታውም ይቀራል። ለደረቅ ፀጉርና ለመኝታ በዚሁ ልክ በሳቲን ሥሩት፤ ሳቲን ቅባቱን ለፀጉሩ ይተውለታል፣ ፀጉርንም አይጎትትም። የሸማው ለበዓል ቀን ይሁን።

የፀጉር ባንድ

ይኸ ነው ሰው መንገድ ላይ አስቁሞ «ከየት ገዛሽው?» የሚልበት። ሥራው የተጣራ ስለሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ስጡት።

በመጀመሪያ የራሳችሁን ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ ከግንባር በላይ፣ ከጆሮ ጀርባ አድርጋችሁ። 56 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ከዚያ ላይ 4 ቀንሱ፤ 52 ይቀራል። ባንዱ ካልጠበበ ይንሸራተታል። ከ52ቱ 40ው ጥለት ይሆናል፣ ቀሪው 12 ከማጅራት ላይ የሚያርፈው ላስቲክ ነው። ለስፌት በየጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ስለሚገባ ጥለቱን 42፣ ሰፊውን ላስቲክ 14 አድርጋችሁ ቁረጡ።

ጥለቱ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋት ካለው፣ ከግራና ከቀኝ የተዋችሁትን ነጭ ወደ ኋላ አጥፉና በጀርባው ተኩሱት። አሁን ጠርዙ ቀጥ ያለ 5 ሴንቲ ሜትር መቀነት የመሰለ ነገር ይዛችኋል። ከሳቲኑም ተመሳሳይ ርዝመት ያለው ቁረጡ፣ ጠርዙ ከታጠፈ በኋላ ከጥለቱ ትንሽ እንዲጠብ፤ 4.6 ያህል ይበቃል። ገበሩ ከጥለቱ እኩል ከሆነ ከፊት ብቅ ይልና መልኩን ያበላሸዋል። ጀርባና ጀርባቸውን አገጣጥሙ፣ በስፒል ያዙ፣ በትልልቅ ስፌት ወስውሱ፣ ከዚያ ሁለቱን ረጃጅም ጠርዞች በደቃቁ ቀምቅሟቸው። የወሰወሳችሁበትን ክር መጨረሻ ላይ ምዘዙት።

ለላስቲኩ ልብስ ከነጩ ሸማ 7 በ22 ቁረጡና ከላይ እንደ ተናገርሁት ቱቦ አድርጋችሁ ገልብጡት። ላስቲኩን አስገቡ። ቱቦው ከላስቲኩ የሚረዝመው በከንቱ አይደለም፤ ባንዱ በራስ ላይ ሲያልፍ ላስቲኩ ይለጠጣል፣ ጨርቁ ግን አይለጠጥምና የተጨማደደው ትርፍ ያስፈልገዋል። ሁለቱን ጫፎች ከነላስቲኩ ስፏቸው።

አሁን የጥለቱን ጫፍ ስፋቱ ከላስቲኩ ልብስ ጋር እስኪመጣጠን፣ ማለትም 2.5 ሴንቲ ሜትር እስኪሆን፣ እንደ ማራገቢያ ሁለት ጊዜ እጠፉት። ላስቲኩን 2 ሴንቲ ሜትር አደራርባችሁ ደጋግማችሁ ስፉ። ይኸ ቦታ ነው ሁሉም ጉልበት የሚያርፍበት። በላዩ ከነጩ ሸማ ትንሽ ቁራጭ ጠቅልላችሁ መጋጠሚያውን ሸፍኑት። ሌላኛውም ጫፍ እንዲሁ።

አደራረጉ ላይ አስተያየቴን ልስጥ። የተሠራ ሹሩባ ላይ ባንድ ማድረግ ጥፋት ነው። ሠሪዋ ግማሽ ቀን ተቀምጣ ያወጣችውን ንድፍ መሸፈን ማለት ነው። ሹሩባው ከፊት ተሠርቶ ከኋላ ለተለቀቀ ፀጉር የጨርቁ ላስቲክ ይበቃል። ባንዱ የሚያምረው ባልተሠራ ፀጉር ላይ፣ ወደ ኋላ በተያዘ ወይም በተለቀቀ ላይ ነው።

ክሊፕ

ከእጅጌው ጠባብ ጥለት 16 ሴንቲ ሜትር ውሰዱ። ሁለቱን ጫፎች ወደ መሐል አምጥታችሁ 1 ሴንቲ ሜትር አደራርቡና ስፉ። መሐሉን በሁለት ጣት ቆንጥጣችሁ በክር አምስት ስድስት ጊዜ ጠምጥሙት፤ ቢራቢሮ ይሆናል። ክሩን በአንዲት ቀጭን ቁራጭ ሸፍኑ፣ ክሊፑ ላይ በመርፌ አጥብቃችሁ እሰሩ። በሙጫ ብቻ ማጣበቅ ይቻላል፣ ግን ባዶ ብረት ላይ ሙጫ ብዙ አይቆይም፤ የክሊፑን የላይኛውን ከንፈር አስቀድማችሁ በክር ብትጠመጥሙት መስፋቱም ማጣበቁም ይሆንላችኋል። መሐሉ ላይ ዛጎል ወይም ዶቃ የሚሰፋ አለ። እኔ ጥለቱ ራሱ ሲናገር ዶቃ ይጮኽበታል ባይ ነኝ፤ እናንተ እንደ ወደዳችሁ።

ማቶት

መቀመጫው ድቡልቡል የሆነ ጀበና ያለ ማቶት አይቆምም። ገበያ ላይ በሣር የተሰፋ አለ፤ ይኸኛው ግን ያለቀውን ጨርቅ ሁሉ ይበላል፣ ሲቆሽሽም ይታጠባል።

አስቀድሞ ስሕተቴን ልንገራችሁ። የመጀመሪያውን ማቶት ለስለስ ይበል ብዬ ስፖንጅ ሞላሁበት። ከከሰል የወረደውን ጀበና ስናስቀምጥበት ሁለተኛው ስኒ ሳይዞር የፕላስቲክ ቃጠሎ ዕጣኑን ሸፈነው። እናቴ ምንም አላለችም፤ ረከቦቱን ብቻ ወደ ራሷ ሳብ አደረገች። ስለዚህ ማቶት ውስጥ ጥጥ ብቻ ይግባ። ስፖንጅ፣ ሳቲን፣ ናይለን፣ የሙቅ ሙጫ አይጠጉበት። የሚሰፋበትም ክር የጥጥ ይሁን።

ልኩን በክር ውሰዱ። ከጀበናው መቀመጫ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብላችሁ ዙሪያውን በክር ለኩ። የእኛ 33 ሴንቲ ሜትር መጣ። የማቶቱ ወፍረት 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚሆን በዚህ ላይ 12 ጨምሩ፤ 45። ጫፎቹ ለሚደራረቡበት ደግሞ 5። እንግዲህ የ50 ሴንቲ ሜትር ጉንጉን ያስፈልጋል ማለት ነው። የእናንተ ጀበና 28 ከመጣ 28 ላይ እነዚያኑ ጨምሩ፤ 45 ይሆናል።

የሳሳውን ሸማ 3 ሴንቲ ሜትር እየሆነ በቁመቱ ቅደዱት። እዚህ ላይ መቀስም አያስፈልግ፤ ጠርዙን ጫር አድርጋችሁ ስትስቡት ራሱ በክሩ ይሄዳል። ቅዳጆቹን በሦስት እኩል እስር ክፈሉ፣ ጫፋቸውን በክር ቋጥሩ፣ እንደ ሹሩባ አጥብቃችሁ ጎንጉኑ። ላላ ያለ ጉንጉን ጀበናው ሲጫነው ይተኛል። ሲጎነጎን ስለሚያጥር ቅዳጆቹ 70 ሴንቲ ሜትር ቢሆኑ ይሻላል፤ የተረፈውን ትቆርጣላችሁ። ሲጨመቅ 4 ሴንቲ ሜትር ካልሞላ ተጨማሪ ቅዳጅ በላዩ ጠምጥሙ።

ክብ አድርጋችሁ ጫፎቹን በ5 ሴንቲ ሜትር አደራርቡና በወፍራም መርፌ፣ በድርብ ክር፣ ወዲህና ወዲያ እያሳለፋችሁ አጣብቋቸው። መደራረቢያው እንዳይጎብጥ የሁለቱንም ጫፍ ውፍረት በግማሽ ቀንሱት፤ ከእያንዳንዱ እስር የተወሰኑ ቅዳጆች አሳጥሩ። ሳትዘጉት ጀበናውን አንዴ አስቀምጡበት። ከተናጋ አሁን አስተካክሉ።

የላዩ ልብስ ከደህናው ሸማ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ረጅም ቅዳጅ ነው። አንዱን ጠርዝ በጣታችሁ እያጠፋችሁ፣ በቀለበቱ መሐል እያሳለፋችሁ፣ እያንዳንዱ ዙር ያለፈውን በግማሽ እንዲሸፍን ጠምጥሙት። ሲያልቅ ሌላ ቅዳጅ ከሥሩ ገብቶ ይቀጥላል። መጨረሻውን ከታች በኩል ስፉት። ለጌጥ ከፈለጋችሁ ቀጭን ጥለት ከውጭው ጎን ብቻ፣ ዙሪያውን አስሩበት። ጀበናው የሚነካው የውስጠኛው ገጽ ላይ ጥለት ማባከን ነው፤ ጥላሸት ይበላዋል። ነጭ ሸማ ጥላሸት እንዳያሳይ የምትፈልጉ የላይኛውን ልብስ ከጠቆረ የጥጥ ጨርቅ አድርጉት።

ጀበናውን ከማስቀመጥ በፊት ሥሩን ተመልከቱ፤ ፍም ወይም ትኩስ አመድ ተጣብቆ ከመጣ ጥጥም ይያዛል።

የትራስ ልብስ

40 በ40 ለሆነ ትራስ የፊቱን 42 በ42 ቁረጡ። ሸማ ስለሚያሳይ የዚያኑ ያህል አቡጀዲ ከጀርባው አንጥፉና ዙሪያውን ወስውሱት፤ ከዚህ በኋላ ሁለቱን እንደ አንድ ጨርቅ ቁጠሯቸው። ጥለቱን በነጩ ላይ የምትሰፉት አሁን ነው፣ ትራሱ ከተዘጋ በኋላ አይሆንም። ጥለቱን ልክ መሐል አታድርጉት። ከአንዱ ጎን ሲሦ ያህል ገባ ብሎ ቁልቁል ቢወርድ የቀሚሱን ግርማ ይይዛል፤ መሐል ላይ ሲሆን የተጠቀለለ ስጦታ ይመስላል።

ለጀርባው ዚፕ አያስፈልግም። 42 በ28 የሆኑ ሁለት ቁራጮች አሰናዱ። የእያንዳንዱን አንድ ረጅም ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር አጥፋችሁ ቀምቅሙ። ፊቱን መልካሙ ገጽ ወደ ላይ ሆኖ ዘርጉ፤ ሁለቱን ቁራጮች መልካሙ ገጻቸው ወደ ታች ሆኖ፣ የተቀመቀመው ጠርዝ መሐል ላይ እንዲደራረብ አስቀምጡ። 10 ሴንቲ ሜትር ይደራረባሉ። ዙሪያውን 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ፣ ማዕዘኖቹን ስፌቱን ሳትነኩ ቁረጡ፣ ገልብጡ። ትራሱ በተደራረበው መሐል ይገባል። የእጅ ስፌት ከሆነ ይኸ ሁለት ምሽት ይወስዳል፤ መኪና ያላት ጎረቤት ካለች ጠፍጣፋው ዙሪያ ለእሷ ይሁን።

ለግድግዳ

ያለቀ የፎቶ ፍሬም ካላችሁ መስታወቱን አውጡ፣ የጀርባውን ካርቶን በነጭ ሸማ ሸፍኑ፣ ጥለት በላዩ ወጥሩና መልሱ። ጥለቱ መስታወት ባይኖርበት ይሻላል፤ ክሩ የሚታየው ጎኑን ብርሃን ሲያገኘው ነው። የድንጋይ ግድግዳ ክረምት ላይ ስለሚረጥብ ከፍሬሙ ጀርባ አራቱም ማዕዘን ላይ የጠርሙስ ቡሽ ቁራጭ ለጥፉ፣ አየር ይለፍበት።

የጎንደሩን የደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ጣራ የሞሉትን የመላእክት ፊቶች አንዱን በጥልፍ ልሥራ ብዬ ተነሥቼ ነበር። ዓይኖቹ ጉጉት ሆኑብኝ። እሱን ለሚችሉት ትቼዋለሁ።

እጥበትና አቀማመጥ

ከክሊፑ በቀር ከሸማ የተሠራውን ሁሉ ለብ ባለ ውኃና በቀላል ሳሙና በእጅ እጠቡ፤ ሳትጠመዝዙ በፎጣ መሐል ጨምቁት። በረኪና ነጩን ቢያነጣም ጥለቱን ይገድለዋል። ባንዱን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርግታችሁ በጥላ አድርቁት፤ የጎንደር የበጋ ፀሐይ ቀይ ጥለትን በአንድ ወር ያደበዝዘዋል፤ መስኮት አጠገብ የሚቀመጠውን ትራስም በየሳምንቱ አዙሩት። የቅቤ ነጠብጣብ ከነካው ከመታጠቡ በፊት ነጭ ዱቄት ነስንሱበትና ሌሊቱን ይደር፤ ዱቄቱ ቅባቱን ይጠጣዋል፤ ጠዋት አራግፋችሁ ሳሙናውን በቀጥታ እቦታው ላይ እሹት።

ለጥምቀት ልታደርጓቸው ወይም ለእንግዳ ልትሰጧቸው ከሆነ ኅዳር ላይ ጀምሩ። በከተራ ዋዜማ የተሰፋ ባንድ መጋጠሚያው ላይ ይለቃል፤ ጥር 12 ሚካኤል ሲገባ ፀጉሬን በነጠላ ጫፍ አስሬ የተመለስሁበት ዓመት አለ።

መቀስ ሥር የቀረውን ክርና ብናኝ አትጥሉት። ከዋናው ቁርጥራጭ 10 በ10 የሆኑ ሁለት ቁራጮች ሰፍታችሁ በእሱ ጠቅጥቁና መርፌና ስፒል ሰኩበት።